ባልዲ ውስጥ ያለ ሆፕ የሚኒሶታን ብርድ ይችላል? የአንድ ዊንተር ማስታወሻ

ኦክቶበር 13

ዛሬ ሐረጎቹን ቆረጥኳቸው። በጋውን ሙሉ በገመድ ተጠምጥመው እስከ ጋራዡ ጣሪያ የወጡት ሆፖች አሁን እንደ ደረቅ የበቆሎ አገዳ ይንኮሻኮሻሉ። ከአፈሩ በላይ አንድ ስንዝር አስቀርቼ ሌላውን ጣልኩት። ክንዴ ተቧጥጦ ቀላ። ሐረጉ ላይ ያሉት ጥቃቅን መንጠቆዎች ከደረቁ በኋላም አይምሩም።

ሆፕን ለማታውቁት፦ ቢራን የሚያመረው እሱ ነው። ለጠላ ጌሾ፣ ለቢራ ሆፕ። በዘር ግን አይገናኙም። እንዲያውም የሆፕ የቅርብ ዘመድ ካናቢስ ነው፣ ይህን ስነግራቸው ጎረቤቶቼ ባልዲዎቼን በሌላ ዓይን ማየት ጀመሩ። የሴቷ ተክል አበባ ውስጥ ሉፑሊን የሚባል ቢጫ ብናኝ አለ፤ ምሬቱም ሽታውም ያለው እሱ ውስጥ ነው። አበባውን ሰንጥቃችሁ በጣት ስታሹት እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ሽታው ደግሞ የብርቱካን ልጣጭና አዲስ የታጨደ ሣር አንድ ላይ።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። የሆፕ ሐረግ በየዓመቱ ይሞታል፣ የሚከርመው ሥሩ ነው። መሬት ላይ የተተከለ ሆፕ ለሚኒሶታ ብርድ ደንታ የለውም፤ እዚህ አገር በዱርም ይበቅላል። የኔዎቹ ግን ባልዲ ውስጥ ናቸው። ተከራይ ነኝ፣ ግቢውን መቆፈር አልችልም፣ ነገ ቤት ብቀይር ደግሞ ይዣቸው መሄድ እፈልጋለሁ። ታዲያ ባልዲ ውስጥ ያለ ሥር ይከርማል ወይስ አይከርምም? የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የተለያየ መልስ ሰጠኝ። ራሴው ልሞክረው አልኩ።

ስለ ቃል አንድ ነገር። «ክረምት» ብዬ ልጽፍ ስል ሐምሌና ዝናብ እየመጣብኝ ተቸገርኩ፣ ስለዚህ ዊንተር እላለሁ። በረዶም እንደዚያው ነው፤ ከሰማይ የሚወርደውን ስኖው፣ ውኃ ረግቶ የሚሆነውን በረዶ ብዬ እለያቸዋለሁ። ዲግሪው ሁሉ ሴልሺየስ ነው።

ኦክቶበር 20

አራት ተክል አለኝ። ሦስቱ ካስኬድ ናቸው፣ በ1972 ከኦሪገን የወጣው ዝርያ፤ የአሜሪካ ክራፍት ቢራ (የትናንሽ ጠማቂዎች ቢራ) ያ የግሬፕፍሩትና የአበባ ሽታው በአብዛኛው የመጣው ከሱ ነው። አራተኛው ሴንቴኒያል ነው። ካስኬዶቹ በ5 ጋሎን ባልዲ ውስጥ ናቸው፣ 19 ሊትር ገደማ፤ የእያንዳንዱን ታች በድሪል ስምንት ቦታ በስቼዋለሁ። ሴንቴኒያሉ ግማሽ የእንጨት በርሚል ውስጥ ነው፣ ለብቻዬ አላነሳውም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በ2023 ባወጣው የብርድ ካርታ ሚኒያፖሊስ ዞን 5ኤ ውስጥ ናት፤ የዓመቱ ቀዝቃዛ ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች ከ26 እስከ 29 ዲግሪ ይደርሳል ማለት ነው። የዞኑ ቁጥር ባነሰ ቁጥር ብርዱ ይብሳል፤ ሆፕ ዞን 4ን በደንብ ይችላል፣ 3ንም ይሞክራል። ነገር ግን የችግኝ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው፦ ተክሉ ዕቃ ውስጥ ከሆነ ሁለት ዞን ቀንስ ይላሉ። ምክንያቱም መሬት ውስጥ ብርዱ ከላይ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ከታች መሬቱ የበጋ ሙቀቱን ቀስ እያለ ይለቃል። ባልዲን ግን ብርዱ ከአናቱም ከጎኑም ከታቹም ይከበዋል። ስለዚህ የኔ ሆፕ የሚያየው ብርድ የዞን 3 ነው። ጠርዝ ላይ ነን።

ዕቅዱ፦ አንደኛው ባልዲ ራቁቱን ዴኩ ላይ፣ ማለት ከቤቱ ውጪ ባለው የእንጨት ወለል ላይ፣ ይከርማል። እሱ መሥዋዕት ነው። ሁለተኛው ጋራዥ ይገባል፤ ጋራዡ ከቤቱ ተለይቶ የቆመ ነው፣ ማሞቂያ የለውም። ሦስተኛውን የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ ጋሼ ግቢ ወስጄ ከነባልዲው እስከ አፉ እቀብረዋለሁ። በርሚሉ ካለበት አይነሳም፣ ግድግዳ ጥግ እንዳለ በጭድና በጆንያ ይታሸጋል። ሽቦ ያላቸው ርካሽ ቴርሞሜትሮችም ገዝቼ የእያንዳንዱን ጫፍ አፈሩ መሃል አንድ ስንዝር ያህል ቀብሬዋለሁ።

ኖቬምበር 2

ቀብሩ ተፈጸመ። ጋሼ እዚህ 30 ዓመት ኖረዋል፣ ግቢያቸው ውስጥ ከሀበሻ ጎመን እስከ ጤና አዳም የማይበቅል የለም። ጉድጓዱን አብረን ቆፈርን፤ እኔ እቆፍራለሁ፣ እሳቸው አካፋው ላይ ተደግፈው ያርሙኛል።

«እንዲያው ለመሆኑ ባልዲውን ለምን እንቀብረዋለን? አውጥተህ አትተክለውም?»

«ጋሼ፣ በስፕሪንግ መልሼ እወስደዋለሁ ብዬ ነው።»

«ተው እንጂ። መሬት የገባ ነገር ተመልሶ ሲወጣ አይተህ ታውቃለህ?»

ሳቅን። ከላዩ ሁለት ከረጢት የሜፕል ቅጠል ከመርንበት። ወይዘሮዋ ቡና አፍልተው ጠሩን፣ ከዚያ በኋላ ሥራ የሚባል ነገር አልነበረም።

ኖቬምበር 9

ጌሾዬን ወደ ቤት አስገባሁ። እሱ የሙከራው አካል አይደለም፣ ግን አንድ ላይ ስለማያቸው ይገባል። ከወዳጅ ያገኘሁት ችግኝ ነው፣ አሁን ወገቤ ይደርሳል። ጌሾ ቅጠሉን የማያራግፍ የደጋ ዛፍ ነው፣ እንቅልፍ አያውቅም፤ የሚኒሶታን ዊንተር ውጪ ይክረም ማለት ግድያ ነው።

ማታ ለእማዬ ደወልኩላት። ደብረ ብርሃን ናት፣ ውርጭን ለሷ ማስረዳት አያስፈልግም።

«ጌሾ ቤት ውስጥ? ከሰው ጋር?»

«አዎ እማዬ፣ መስኮቱ ጋ።»

«ያኛውንስ፣ የቢራውን፣ ለምን አብረህ አታስገባውም?»

እሱ መተኛት አለበት አልኳት። ሆፕ በዊንተር ቀዝቅዞ የሚተኛ ተክል ነው። ሞቅ ያለ ቤት ካስገባሁት በታኅሣሥ ይነቃል፣ ብርሃን የለም፣ ሥሩ ውስጥ ያጠራቀመውን ስታርች በከንቱ ይጨርሳል። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ይቀዝቅዝ ካልክ ለምን ጭድ ታለብሰዋለህ?» አለችኝ።

ጥያቄዋን እስካሁን አልረሳሁትም። ጭድ እኮ አያሞቅም፣ እሳት የለውም። ጭዱ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ቅዝቃዜው በአንድ ሌሊት ዘሎ እንዳይገባ፣ ሙቀቱም በአንድ ቀን ዘሎ እንዳይመጣ ማዘግየት ነው። ተክሉን የሚጎዳው የብርዱ ልክ ብቻ ሳይሆን መዋዠቁም ነው። እኔ ግን ይህን ነገር በደንብ የገባኝ እሷ ከጠየቀችኝ በኋላ ነው፣ በፊት ስጠቀልል የነበረው ሌላው ሰው ስለሚጠቀልል ነው።

ኖቬምበር 23

መሬቱ በረዶ ሆኖ ሊደርቅ ነው። ሁሉንም ለመጨረሻ ጊዜ አጠጣኋቸው። ደረቅ አፈር ከእርጥብ አፈር ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ሥሩም በብርድ ብቻ ሳይሆን በጥማት ይሞታል። ጭቃ ከሆነ ግን ይበሰብሳል። በእጅ ጨብጣችሁት የሚያያዝ፣ ውኃ ግን የማያንጠባጥብ፣ ልክ እንደ እንኩሮ ሊጥ።

የዴኩን ባልዲ ሁለት ጡብ ላይ አስቀመጥኩት፣ ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ። መሥዋዕት ቢሆንም ክብር ይገባዋል።

ዲሴምበር 8

የመጀመሪያው ደህና ብርድ፣ ሌሊቱን 18 ከዜሮ በታች። ጠዋት በፒጃማ ወጥቼ ቴርሞሜትሮቹን አየሁ። የዴኩ ባልዲ አፈር 11 ከዜሮ በታች ደርሷል፣ በአንድ ሌሊት! በርሚሉ 2 ከዜሮ በታች። ጋራዡ ዜሮ። የጋሼን በስልክ ጠየቅኳቸው፣ መነጽራቸውን ፈልገው፣ ወጥተው፣ ተመልሰው፣ «አንድ ይላል» አሉኝ። ከላይ ወይስ ከታች? «አንድ ነው የሚለው ልጄ፣ ምልክቱን ስኖው ሸፍኖታል።»

ጃንዋሪ 8

ትናንት ገና ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን አድረን መጥተን ጋራዡን አላየሁትም። ዛሬ ስከፍተው ሞቅ ያለ አየር ፊቴን መታኝ። ጋራዡን የምንጋራው ሰው መኪናውን ሊሠራ ትንሽ የጋዝ ማሞቂያ አምጥቶ ለሦስት ቀን ለኩሶ ኖሯል። የባልዲዬ አፈር 12 ዲግሪ። ከላይ! ከአፈሩ ጫፍ ሦስት ቀንበጦች ብቅ ብለዋል፣ እንደ ባቄላ ቡቃያ ነጭ፣ የትንሽ ጣቴን ግማሽ የሚያህሉ። ጃንዋሪ ላይ። ቆሜ አየኋቸው፣ ምን እላቸዋለሁ።

ሰውየው ጥፋቱ አይደለም፣ ጋራዥ መኪና መሥሪያ ነው። አልነገርኩትም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ባልዲው ላይ «እባክዎ አይሞቅ፣ ተክል ተኝቷል» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ፣ እሱም አንብቦ ስቆብኛል።

ጃንዋሪ 20

ትናንት ጥምቀት፣ ዛሬ ማለዳ 29 ከዜሮ በታች። እዚህ ብዙ የኖሩት ይሄ ምን አላት ይላሉ፤ በጃንዋሪ 2019 መጨረሻ ሚኒያፖሊስ 33 ከዜሮ በታች ገብታ ነበር። ለኔ ግን አፍንጫዬ ውስጥ ያለው ፀጉር ከደረቀ በቂ ብርድ ነው።

ቁጥሮቹን ልጻፍ፦ የዴኩ ባልዲ 22 ከዜሮ በታች። በጥፍሬ ነካሁት፣ እንደ ድንጋይ ይጮኻል። የጋራዡ 9 ከዜሮ በታች፣ ነጮቹ ቀንበጦች ጠቁረው ተኝተዋል። በርሚሉ 8 ከዜሮ በታች። የጋሼ ጓሮ ግን 2 ከዜሮ በታች ብቻ፣ በዚህ ጊዜ ምልክቱን አረጋግጠውልኛል። ከቅጠሉ በላይ ሁለት ስንዝር ስኖው ተኝቶበታል። ነፃ ብርድ ልብስ ማለት እሱ ነው፤ ውስጡ የታመቀው አየር ነው ሥራውን የሚሠራው። እኔ ደግሞ ዴኩን ሁሌ በትጋት እጠርጋለሁ፣ ባልዲው ላይ የወረደውንም ጭምር ስጠርግለት ነበር! ስኖው ከወረደ ተዉት፣ እንዲያውም ከመንገዱ አንስታችሁ ጨምሩበት። ጨው የነካውን ግን አይደለም።

ጌሾው ቤት ውስጥ ሆኖ እየታመመ ነው። ማሞቂያው አየሩን አድርቆታል፣ ከቅጠሉ ሥር ቀጭን ድር የሚያደሩ፣ በዓይን እምብዛም የማይታዩ ጥቃቅን ተባዮች ወረውታል። ሻወር ውስጥ አስገብቼ አጠብኩት። እማዬ ይህን እንዳትሰማ።

ፌብሩዋሪ 24

ሦስት ቀን ሙቀት መጣ፣ እስከ 7 ዲግሪ። ሰው ሁሉ ጃኬት አውልቆ ይሄዳል። እኔ ደግሞ የዴኩ ባልዲ ላይ ተቀምጫለሁ።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። የባልዲው ላይኛ አፈር ቀልጧል፣ ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ ሳስገባ ይገባል። ከዚያ በታች በረዶ ነው፣ እንደ መስታወት። የቀለጠው ውኃ ወደ ታች መውረድ አይችልም፣ በቀዳዳዎቹ በኩል ገና በረዶ ነው፤ ስለዚህ የተክሉ አናት፣ ቡቃያዎቹ ያሉበት ቦታ በትክክል፣ ውኃ ውስጥ ተነክሯል። ማታ መልሶ 10 ከዜሮ በታች ሲሆን ያ ውኃ በረዶ ሆኖ አናቱን ጨብጦ ያድራል። ጠዋት ይለቀዋል፣ ማታ ይጨብጠዋል። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። ጃንዋሪ 20 ያልገደለው ቢሆን እንኳ ይሄ ይገድለዋል አልኩ። ባልዲውን ወደ ጎን አዘንብዬ ውኃውን አፈሰስኩለት፣ ግን ዘግይቻለሁ መሰለኝ።

ማርች 29

በርሚሉን ከፈትኩት። ጆንያውን ስገልጥ ጭዱ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። አይጥ! ከነቤተሰቧ። ዊንተሩን ሙሉ በኔ ጭድ ተጠቅልላ፣ በኔ ሆፕ ሥር ስትቀለብ ከርማለች። በርሚሉ ግራ በኩል የአውራ ጣት ውፍረት የነበራቸው ሥሮች እርሳስ በመቅረጫ የተቀረጸ ይመስላሉ።

ለብርድ ነው የተዘጋጀሁት፣ አይጥ አልታሰበኝም። ለሚቀጥለው ዓመት ከጭዱ በፊት ጠባብ ቀዳዳ ያለው የሽቦ መረብ ይዞርበታል። ወይ ደግሞ ጭዱን ትቼ ደረቅ ቅጠል በከረጢት እሞላለሁ፣ ይሄ ለአይጥ ምቾቱ ያነሰ ይመስለኛል፣ ቢያንስ እንደ ሆቴል አይሆንላትም።

ቀኝ በኩል ያለውን ሥር በጥፍሬ ትንሽ ፋቅሁት። ውስጡ ነጭ ነው፣ ጥሬ ድንች ሲቆረጥ እንደሚለው ቀጭ ይላል። ሕያው ነው።

ኤፕሪል 19

የጋሼ ባልዲ በቅሏል! ጠዋት ፎቶ ላኩልኝ፣ ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርጉት ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ቀንበጦች፣ ቆጠርኳቸው፣ አሥራ አንድ። ብዙ ስለሆኑ አብዛኞቹ ይቆረጣሉ፣ በአንድ ገመድ ሁለት ሦስት ብቻ ይቀራሉ። የተቆረጡት ይበላሉ አልኳቸው፣ በቅቤ ጠብሰው ቀመሱ። «ጎመን ይሻላል» የሚል መልእክት ደረሰኝ።

በርሚሉም በቀኝ በኩል አራት አውጥቷል። በግራ ባዶ።

ኤፕሪል 27

የዴኩን ባልዲ ዘረገፍኩት። ላስታምመው አስቤ ነበር፣ ግን ሌላው ሁሉ ሲነቃ እሱ ጋ ምንም የለም። አፈሩ በባልዲው ቅርጽ እንዳለ ወጣ። ሥሩን ስጨብጠው በእጄ ውስጥ ፈረሰ፣ ቡናማ፣ ውኃ የጠጣ ስፖንጅ፣ ሽታው የተበላሸ ድፍድፍ። ላዩ ላይ ያሉት ቡቃያዎች ቅርጻቸው ሙሉ ነው፣ አንድ ሳይቀር፤ ሲጫኗቸው ግን ውስጣቸው ሾርባ ነው። ብርዱ ነው የገደለው ወይስ የፌብሩዋሪው መንከርና መጨበጥ? ከፌብሩዋሪ በፊት አንዱን ሥር ቆርጬ ባየው ኖሮ መልሱ በእጄ ነበር። አላየሁም።

ሜይ 4

ጋራዡ! ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ ሊጣልም በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ዛሬ አንድ ቀንበጥ፣ ቀጭን፣ ግን አረንጓዴ። ጃንዋሪ ላይ የጠቆሩት የላይኞቹ ነበሩ፣ ሥር ውስጥ ተደብቆ የቀረ አንድ ቡቃያ ነበረው። አፈሩ ግን እንደ ተቆላ ቡና ደርቆ ነበር፣ ከኖቬምበር ወዲህ ጠብታ አልሰጠሁትም። ጋራዥ ውስጥ ስኖው አይወርድም፣ ዝናብም የለም፤ ወር በገባ ቁጥር አንዳንድ ብርጭቆ ውኃ መስጠት ነበረብኝ። ዘንድሮ አበባ ይሰጠኛል ብዬ አልጠብቅም፣ ከኖረ ይበቃኛል።

ጌሾውም ከግማሽ በላይ ቅጠሉን አራግፎ በሕይወት አለ። ቀን ቀን ጥላ ሥር አወጣዋለሁ፣ ማታ አስገባዋለሁ። እንደ ሕፃን።

ሜይ 18

ባልዲዬን ልወስድ ጋሼ ግቢ ሄድኩ። ሆፑ ከኔ ቁመት በልጧል፣ ጋሼ ራሳቸው ገመድ ዘርግተውለት በሰዓት አቅጣጫ እየተጠመጠመ አጥሩን አልፏል። ዙሪያውን ቆፈርኩና ባልዲውን በእጀታው ሳብኩት። አልወጣም። ደግሜ ሳብኩት፣ እጀታው ተነቀለ። በእጄ ከሥሩ ስዳብስ ነገሩ ገባኝ፦ ሥሩ በስምንቱም ቀዳዳ ወጥቶ የጋሼን መሬት ይዟል፣ አንዳንዱ የእርሳስ ያህል ወፍሯል።

ስለዚህ እውነቱን ለመናገር «ባልዲ ውስጥ ከረመ» የምለው ተክል ግማሹ ባልዲ ውስጥ አልነበረም። ይህን ሙከራ በድጋሚ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ከመቅበራችሁ በፊት የባልዲውን ታች ውኃ በሚያሳልፍ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ወይም ባልዲውን ሌላ ባልዲ ውስጥ ቅበሩት።

መቁረጫ ላመጣ ስነሳ ጋሼ በረንዳው ላይ ሆነው አዩኝ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ሥሩን ቆርጬ ላወጣው።»

«ባልዲህን እተካልሃለሁ» አሉኝ። «እሱን ተወው።»